የወንበሩን ዋጋ ማን ይከፍላል? የኬር ሃርዲ የፓርላማ ሕይወት

ስለ ምክር ቤቶች ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው በአዳራሹ ውስጥ የተደረገው ንግግርና የተሰጠው ድምፅ ነው። እንደራሴው የአዳራሹን በር በማን ገንዘብ ከፍቶ ገባ የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሳም። በብሪታንያ ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲጋፈጥ የኖረ አንድ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ነበር፤ ስሙም ጄምስ ኬር ሃርዲ ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሃርዲ በ1856 በስኮትላንድ፣ በላናርክሻየር ተወለደ። እናቱ ሜሪ ኬር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ነበረች፤ ያለ ጋብቻ ወልዳው በኋላ ዴቪድ ሃርዲ የተባለ የመርከብ አናጢ በማግባቷ ልጁ የእንጀራ አባቱን ስም ወረሰ። ገና በስምንት ዓመቱ ገደማ ተላላኪ ሆኖ መሥራት ጀመረ። ራሱ እንደተረከው፣ ቤቱን በሽታና ችግር ባጣበበበት ወቅት አርፍዶ በመግባቱ የዳቦ ቤት ጌታው አባረረው፤ የሳምንት ደመወዙንም ቀጣው። በአሥር ዓመቱ ወደ ማዕድን ጉድጓድ ወርዶ በጨለማ ውስጥ የአየር መተላለፊያ በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሕፃን ሠራተኛ ሆነ። ማንበብን ከእናቱ ተማረ፤ የአጭር ጽሕፈትን ጥበብ ደግሞ እዚያው ከመሬት በታች፣ በፋኖስ ጢስ ባጠቆረው ድንጋይ ላይ በመርፌ ጫፍ እየጫረ ተለማመደ። ጓደኞቹን ወክሎ መናገር ሲጀምር የማዕድን ባለቤቶች በጥቁር መዝገብ አስፍረው ሥራ ከለከሉት። በ1886 የኤርሻየር የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ጸሐፊ ሆነ።

በዚያን ዘመን የብሪታንያ ወንድ ሠራተኛ በ1867ና በ1884 ሕጎች አማካይነት በብዛት የመምረጥ መብት አግኝቶ ነበር። መምረጥና መመረጥ ግን ለየቅል ነበሩ። የፓርላማ አባል ደመወዝ የለውም፤ የምርጫ አስፈጻሚውን ወጪ ሳይቀር የሚከፍሉት ተወዳዳሪዎቹ ናቸው። ስለዚህ ድሀ ሰው ወደ ምክር ቤት ቢገባ እንኳ የሚገባው የአንድ ባለጸጋ ወይም የሊበራል ፓርቲ ጥገኛ ሆኖ ነበር። ሃርዲ በ1887 በስዋንሲ በተደረገው የሠራተኛ ማኅበራት ጉባኤ ላይ ተነስቶ፣ ከግንበኝነት ወደ ፓርላማ የዘለቀውን ስመ ጥር መሪ ሄንሪ ብሮድኸርስትን ያወገዘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ብሮድኸርስት ለጆን ብራነር ለተባለው የኬሚካል ፋብሪካ ከበርቴ የምርጫ ድጋፍ ሰጥቶ ነበርና። ጉባኤተኛው ወጣቱን አልወደደለትም።

በ1888 በሚድ ላናርክ የማሟያ ምርጫ ሲደረግ ፈተናው ወደ ሃርዲ ራሱ መጣ። ሊበራሎች ከውድድሩ ቢወጣ ሌላ ጊዜ አስተማማኝ ወንበርና በዓመት 300 ፓውንድ እንደሚሰጡት አግባቡት። በሠራተኛ ገቢ ለሚተዳደር አባወራ ይህ ሀብት ነበር። እምቢ አለ፤ 617 ድምፅ ብቻ አግኝቶ ሦስተኛ ወጣ። ይሁን እንጂ የእርሱም እጅ ፍጹም ንጹሕ ነበር ማለት አይቻልም፤ ወጪውን ይረዳው የነበረው ሄንሪ ቻምፒየን ከወግ አጥባቂዎች ጋር ይገናኛል ተብሎ በመጠርጠሩ፣ በጠላት ወርቅ ይወዳደራል የሚለው ክስ ለዓመታት ተከትሎታል።

በ1892 በለንደን ምሥራቅ፣ በዌስት ሃም ደቡብ የምርጫ ክልል፣ ሊበራሎች ተወዳዳሪ ስላላቀረቡ በ5,268 ድምፅ ለ4,036 አሸነፈ። ለዚያ ምርጫ ገንዘብ ካዋጡት መካከል በአሜሪካ የከበረው የስኮትላንድ ተወላጅ፣ የብረታ ብረቱ ጌታ አንድሩ ካርኔጊ ይገኝበታል፤ የሰጠውም 100 ፓውንድ ነበር። በዚያው ሐምሌ በፔንሲልቫኒያ በሆምስቴድ የካርኔጊ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ሦስት መቶ ያህል የፒንከርተን ታጣቂዎች ዘምተው ደም ፈሰሰ። የብሪታንያ ሠራተኛ ማኅበርተኞች ገንዘቡ እንዲመለስ ጠየቁ። ሃርዲም 100 ፓውንዱን ለሆምስቴድ አድመኞች ላከው። ያጎረሰ እጅ ይነከሳል የሚለው የአገራችን አባባል የሚነገረው ለወቀሳ ነው፤ በዚህ ቦታ ግን ንክሻው ተገቢ ይመስለናል።

ወደ ምክር ቤቱ ሲገባ እንደ ወጉ ጥቁር ካፖርትና ረጅም ባርኔጣ ሳይሆን የሠራተኛ ልብሱንና ቆቡን አድርጎ ገባ፤ ጋዜጦችም ስለ ቆቡ ብዙ ቀለም አፈሰሱ። ከቆቡ ይልቅ መታወስ ያለበት ግን የሰኔ 1894 ድርጊቱ ነው። ሰኔ 23 ቀን በደቡብ ዌልስ፣ በሲልፊኒድ የሚገኘው የአልቢዮን ከሰል ማዕድን ፈንድቶ 290 ወንዶችና ሕፃናት ሠራተኞች አለቁ። በዚያው ዕለት ለንጉሣውያን ቤተሰብ አንድ ልጅ ተወለደ፤ በማግሥቱ ደግሞ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ካርኖ ተገደለ። ምክር ቤቱ ለፈረንሳይ ሐዘኑን ገለጸ፤ ለልዑሉ መወለድ የደስታ መግለጫ አዘጋጀ። ሃርዲ ለሟች ሠራተኞች ቤተሰቦችም የሐዘን ቃል እንዲጨመር ቢጠይቅ ተከለከለ። የደስታ መግለጫውን በጩኸትና በፌዝ መካከል ብቻውን ቆሞ ተቃወመ። በ1895 ወንበሩን አጣ።

ወደ ፓርላማ የተመለሰው በ1900 ነው። መርተር ቲድፊል የተባለው የዌልስ የምርጫ ክልል ሁለት እንደራሴ ይልክ ስለነበር ሕዝቡ አንዱን ወንበር ለከሰል ማዕድን ባለቤቱ ለዲ.ኤ. ቶማስ፣ ሌላውን ለሃርዲ ሰጠ። ማዕድን ቆፋሪው ጌታውንና የጌታውን ተቃዋሚ በአንድ ቀን መረጠ ማለት ነው። በዚያው ዓመት የካቲት ሠራተኛ ማኅበራትና የሶሻሊስት ድርጅቶች ተባብረው በኋላ ሌበር ፓርቲ የሆነውን የወኪሎች ኮሚቴ አቋቁመው ነበር። ማኅበራቱን በእውነት ያነቃቸው ግን የ1901 የታፍ ቬል ፍርድ ነው። የሎርዶች ምክር ቤት፣ አድማ የመታ ማኅበር ለኩባንያው ኪሳራ ተጠያቂ ነው ብሎ በመወሰኑ የባቡር ሠራተኞች ማኅበር 23,000 ፓውንድ ካሣ ከፈለ።

በ1903 ኮሚቴው እያንዳንዱ አባል በዓመት አንድ ፔኒ የሚያዋጣበት ፈንድ አቋቋመ፤ ከዚህም ለእያንዳንዱ እንደራሴ በዓመት 200 ፓውንድ አበል ተመደበ። 240 ፔኒ አንድ ፓውንድ ስለነበር፣ አንድ ሰው በምክር ቤት ለማኖር የ48,000 ሠራተኞች መዋጮ ያስፈልጋል። የዕድር ገንዘብ የሚያዋጣ አንባቢ የዚህን አሠራር ትርጉም አያጣውም፤ ካርኔጊ ለአንድ ምርጫ በአንድ ፊርማ የሰጠው 24,000 ሠራተኛ ከኪሱ ከሚያወጣው ጋር እኩል ነበር። የሚያሳዝነው ግን በዚያው ዓመት የኮሚቴው ጸሐፊ ራምሴይ ማክዶናልድ ከሊበራሎች ጋር ወንበር የመከፋፈል ምስጢራዊ ስምምነት ማድረጉ ነው። ሃርዲ ያውቅ ነበር፤ ፔኒውን የሚከፍለው ሠራተኛ ግን አልተነገረውም። በ1906 ከተመረጡት 29 እንደራሴዎች ብዙዎቹ የዚህ ውል ፍሬ ናቸው። ሃርዲ በአንድ ድምፅ ብልጫ የቡድኑ ሊቀመንበር ሆነ።

ድምፁን የሰጠባቸውና የተከራከረባቸው ጉዳዮች መስመራቸው ግልጽ ነው። የቦር ጦርነትን ተቃወመ፤ ለሥራ አጦች፣ ለስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ተሟገተ፤ በ1908 ንጉሡ የሩሲያን ዛር ለመጎብኘት መሄዱን በመንቀፉ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ተሰረዘ። በደቡብ አፍሪካ ጥቁር ሠራተኛ ከነጩ እኩል ይታይ በማለቱ ነጭ ሁከተኞች ወረዱበት። ይህ ሰው በ1887 ከሊቱዌኒያ መጥተው በኤርሻየር የተቀጠሩ ስደተኞችን ማሳደዱን ስናስታውስ፣ የተጓዘው መንገድ ምን ያህል እንደነበር እንረዳለን። ለሴቶች የመምረጥ መብት ሲል ከገዛ ፓርቲው ጋር ሊለያይ ደርሶ ነበር። በዚህ ትግል የቅርብ ወዳጁ የነበሩት ሚስ ሲልቪያ ፓንክረስት፣ ኋላ በፋሽስት ወረራ ዘመን ለኢትዮጵያ የተሟገቱትና በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፉት ናቸው፤ የታሪክ ምሁሩ ልጃቸው ሪቻርድ ፓንክረስትም ኬር የሚለውን ስም በመካከለኛ ስምነት ይዞ ኖሯል።

ሎርዶቹ በታኅሣሥ 1909 በኦስቦርን ጉዳይ፣ ማኅበራት ለፖለቲካ ገንዘብ ማዋጣት አይችሉም ብለው ፔኒውን አገዱት። የተመታው ያው በታፍ ቬል የተቀጣው የባቡር ሠራተኞች ማኅበር ነበር። መንግሥት በ1911 ለእንደራሴዎች 400 ፓውንድ የዓመት ደመወዝ ፈቀደ፤ የ1913 ሕግ ደግሞ አባላት በድምፅ ከተስማሙ የተለየ የፖለቲካ ፈንድ እንዲኖር አደረገ።

ጦርነቱ ሲመጣ ግን ገንዘብም ደመወዝም አላዳነውም። ነሐሴ 2 ቀን 1914 በትራፋልጋር አደባባይ ጦርነቱን አወገዘ፤ ከአራት ቀን በኋላ በገዛ የምርጫ ክልሉ፣ በአበርዴር፣ የመረጠው ሕዝብ በጩኸትና በዘፈን ንግግሩን አቋረጠበት። ጤናው ተሰበረ፤ መስከረም 26 ቀን 1915 በግላስጎው ሐኪም ቤት አረፈ። ምክር ቤቱ ስለ እርሱ አንድም የሐዘን ቃል አላሰማም። በኅዳር በተደረገው የማሟያ ምርጫ ወንበሩን የወሰደው፣ በአበርዴር የተቃውሞውን ጩኸት የመራው የቀድሞ የማዕድን ሠራተኞች መሪ ቻርልስ ስታንተን ነበር።