ዶክቶር መላኩ በያን፤ ዝምድናን በትምህርት ያጸኑ ኢትዮጵያዊ

ከድሬዳዋ መኻል ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው በመልካ ጀብዱ በኩል በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የምድር ባቡር ጣቢያ ይገኛል። ለድሬዳዋ ሕዝብ ባቡር እንግዳ አይደለም፤ የመጀመሪያው ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን፥ ዕውቀት ፍለጋ ባሕር የሚሻገር ወጣት በአብዛኛው የሚያልፈው በዚሁ በር ነበር። በሐረር አድገው ባሕር ከተሻገሩት መካከል አንዱ ዶክቶር መላኩ በያን ናቸው። የእኚህ ሰው ሕይወት ለተማሪዎችና ለወጣት ሠራተኞች ትምህርት ይሆናል ብለን ስለምናምን፥ ታሪካቸውን ባጭሩ እንተርካለን። የአሜሪካውን ዘመን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ዶክቶር መላኩ በ1892 ዓ.ም. በወሎ ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ ወላጆቻቸው ወደ ሐረር ስለመጡ፥ ራስ መኰንን በሚገዙት አገር በቤተ መንግሥት ጥላ ሥር አደጉ። ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ በነበሩበት ጊዜ፥ መጀመሪያ ወደ ሕንድ፥ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ አሜሪካ ለትምህርት ተላኩ። በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በሚገኘው በማስኪንገም ኮሌጅ ገብተውም የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ።

የኚህን ሰው ስም እስከ ዛሬ የሚያስጠራው ግን ከዚህ በኋላ ያደረጉት ምርጫ ነው። ሕክምና ለመማር የገቡት በዋሽንግተን ከተማ ወደሚገኘው ወደ ሆዋርድ ዩኒቨርስቲ ነበር። ይህ ትምህርት ቤት የአሜሪካ ጥቁሮች ከባርነት ነጻ ከወጡ ጥቂት ዓመታት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1867 የተቋቋመ ነው። በዚያን ዘመን በብዙዎቹ የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ በትምህርት ቤትም፥ በባቡርም፥ በሐኪም ቤትም በሕግ ተለይቶ ይኖር ነበር። ከቤተ መንግሥት የተላከ እንግዳ፥ እኔ የውጭ አገር ሰው ነኝ ብሎ ከዚህ መከራ ራሱን ለማራቅ ይሞክር ይሆናል። ዶክቶር መላኩ ግን ከተገፉት ጋር መቈጠርን መረጡ።

ምክንያትም ነበራቸው። ኢትዮጵያውያን ራሳቸውን ከጥቁር ሕዝብ አይቈጥሩም የሚል ወሬ በአሜሪካ ይነዛ ነበር። የኢትዮጵያን ስም በቤተ ክርስቲያኖቻቸው በክብር ሲያነሡ ለኖሩት የአሜሪካ ጥቁሮች ይህ ወሬ ልብ የሚሰብር ነበር። ዶክቶር መላኩ ወሬውን በቃል ብቻ ሳይሆን በኑሮአቸው ሊያፈርሱት ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ1931 ዶሮቲ ሐድሊ የተባሉትን ጥቁር አሜሪካዊት አገቡ።

በሆዋርድ ዊሊያም ሊዮ ሐንስቤሪ የተባሉ መምህር ነበሩ። አፍሪካ ታሪክ የላትም የሚሉ ሊቃውንት በበዙበት ጊዜ፥ እሳቸው ከ1922 ጀምሮ የጥንቱን የአፍሪካን ሥልጣኔ ያስተምሩ ነበር። ቀድሞ በዚያው ዩኒቨርስቲ ያስተማሩት ካርተር ውድሰንም እ.ኤ.አ. በ1926 የጥቁሮች ታሪክ የሚታሰብበትን የየካቲት ሳምንት መሠረቱ። ዶክቶር መላኩና ሐንስቤሪም ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1934 ስለ ኢትዮጵያ እውነተኛ ዕውቀት የሚሰጥ የጥናት ጉባኤ አቋቋሙ። እንግዲህ በነዚያ ሰዎች ዘንድ ቅርስን ማክበር ማለት መዝፈንና መልበስ ብቻ አልነበረም፤ ማስረጃ መሰብሰብና ሐሰትን መርታት ነበር።

ዶክቶር መላኩ እ.ኤ.አ. በ1935 የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጸሙ። ጥቁር አሜሪካዊው አውሮፕላን ነጂ ጆን ሮቢንሰን በዚያው ዓመት ኢትዮጵያን ለማገልገል የመጣው በእሳቸው አማካይነት ነው። ራሳቸውም ወዲያው ተመልሰው በኦጋዴን ግንባር ቁስለኛ አከሙ። ጠላት አገሪቱን በያዘ ጊዜ ግን ተሰደዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ወደ አሜሪካ ተመለሱ። በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ድምፅ የተባለ ጋዜጣ አወጡ፤ ጋዜጣውም ኒግሮ የሚለው መጠሪያ ቀርቶ ጥቁር መባል እንዲለመድ ይመክር ነበር። ነሐሴ 19 ቀን 1929 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ተመሠረተ፤ ቅርንጫፎቹም በአሜሪካና በካሪብ ደሴቶች ተስፋፉ።

ድካሙ ግን ሰውነታቸውን ጎዳው። ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም. በ40 ዓመታቸው በኒው ዮርክ ዐረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። የደከሙለትን ነጻነት ሳያዩ፥ ድሉ ሊደርስ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ሲቀረው አለፉ።

ዘሩ ግን አልጠፋም። ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1944 ተመልሶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አስተማረ። ሐንስቤሪ እ.ኤ.አ. በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተቀበሉ። የየካቲቱ ሳምንትም እ.ኤ.አ. በ1970 በዚያው በኦሃዮ፥ በኬንት ስቴት ዩኒቨርስቲ በአንድ ወር ተተክቶ ተከበረ።

በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የድሬዳዋ ዩኒቨርስቲ ተማሪም ሆነ በመልካ ጀብዱ ጣቢያ የሚሠራ ወጣት ከዚህ ታሪክ የሚያገኘው ቁም ነገር አለ። ሩቅ ያለ ወገንን ማክበር የሚጀምረው ታሪኩን ጠንቅቆ በማወቅ ነው። የሚቀጥለውም ወገን ሲዋረድ ከእርሱ ጋር በመቆም ነው። ዶክቶር መላኩ ሁለቱንም አድርገዋል፤ የተማረ ሰው ዕዳም ይኸው ነው።