መምህሩ ጠበቃ፦ ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን (1895–1950)

በአገራችን በሕግ አምላክ ከተባለ እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል ይባላል። ታዲያ ሕጉ ራሱ ሰውን በቆዳ ቀለሙ የሚለይ ከሆነስ? ተበዳዩ በማን አምላክ ይበል? የአሜሪካ ጥቁሮች የገጠማቸው ጥያቄ ይኼው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1896 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሌሲ እና ፈርጉሰን በሚባለው ክርክር፣ የሚሰጣቸው አገልግሎት እኩል እስከሆነ ድረስ ጥቁሩንና ነጩን መለየት ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ ፈረደ። መለየቱ ወዲያው ሥራ ላይ ዋለ፤ እኩልነቱ ግን ወረቀት ላይ ቀረ።

ይህን ፍርድ ከሥሩ ለመንቀል ዕድሜውን የሰጠው፣ የድካሙንም ዋና ፍሬ ሳያይ ያለፈው ሰው የዛሬው ባለታሪካችን ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን ነው። የመምህራን ማሠልጠኛ ግድግዳ ላይ የአንድ ጠበቃ ታሪክ ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው፤ ሂውስተን ትግሉን የጀመረው ከፍርድ ቤት ሳይሆን ከመማሪያ ክፍል ነው።

ሂውስተን ሴፕቴምበር 3 ቀን 1895 ዋሽንግተን ከተማ ተወለደ። አባቱ ጠበቃ፣ እናቱ ፀጉር ሠሪ ነበሩ። ለወላጆቹ አንድ ልጅ ስለነበረ ለትምህርቱ የሚቻላቸውን ሁሉ አደረጉ። ማሳቹሴትስ በሚገኘው አምኸርስት ኮሌጅ በክፍሉ ብቸኛው ጥቁር ተማሪ ሆኖ በ1915 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ። ከዚያም ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ አስተማረ። የመጀመሪያ ሥራው መምህርነት ነበር ማለት ነው።

አሜሪካ በ1917 አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ፣ ሂውስተን ለጥቁሮች በተለየው የመኮንኖች ማሠልጠኛ ገብቶ መኮንን ሆነ፤ ወደ ፈረንሳይም ዘመተ። እዚያ ያቆሰለው የጠላት ጥይት አልነበረም። የራሱ አገር ነጭ ወታደሮችና አለቆች በጥቁሮቹ መኮንኖች ላይ የሚያደርሱት ንቀትና ዛቻ ነበር። ጥቁር ወታደሮች በቂ ማስረጃ ሳይቀርብባቸው ሲቀጡም በዓይኑ አየ። ከዚህ ወዲያ ልቡ ቆረጠ። በሕይወት ከተመለስኩ ሕግ እማራለሁ፣ የተማርኩትንም መልሰው መምታት ለማይችሉት አውለዋለሁ ብሎ ወሰነ።

እንዳለውም አደረገ። በ1919 ሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ገባ። የትምህርት ቤቱን ዝነኛ የሕግ መጽሔት ከሚያዘጋጁት ተማሪዎች መካከል የመጀመሪያው ጥቁር እሱ ነው። በ1922 የሕግ ዲግሪውን፣ በ1923 ደግሞ የዶክትሬት ማዕረጉን አገኘ። በ1924 የጥብቅና ፈቃድ አውጥቶ ከአባቱ ጋር መሥራት ጀመረ፤ ጎን ለጎንም በሃዋርድ ሕግ ያስተምር ነበር።

ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚያው ነው። በ1920ዎቹ የሕግ ክፍሉ የማታ ትምህርት ቤት ነበር። ተማሪው ቀን ለእንጀራው ሲሮጥ ይውልና ማታ ደክሞት ይመጣል። ከመምህራኑም ብዙዎቹ ቀን ሌላ ሥራ ያላቸው ነበሩ። ትምህርት ቤቱ የአሜሪካ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ዕውቅና አልነበረውም። ሂውስተን በ1929 ምክትል ዲን ሆኖ የትምህርት ቤቱን አመራር ሲይዝ ነገሩን ከመሠረቱ ለወጠው። የማታውን ትምህርት ዘጋ፣ የመግቢያውን መመዘኛ ከፍ አደረገ፣ ቤተ መጻሕፍቱን አደራጀ፣ ተማሪዎቹንም ሕግ በተግባር ወደሚታይበት ወደ ፍርድ ቤትና ወደ እስር ቤት ይወስዳቸው ጀመር። በ1931 ትምህርት ቤቱ ሙሉ ዕውቅና አገኘ።

ይህ ሁሉ ያለ ተቃውሞ የሆነ እንዳይመስላችሁ! ማታ ተምሮ ጠበቃ ለመሆን ተስፋ ያደረገው ድሃ ሠራተኛ በር ተዘጋበት የሚሉ ሰዎች ተነሱ። አቤቱታቸው ከንቱ አልነበረም። ሂውስተን ግን ሌላም ነገር ይታየው ነበር። ጥቁር ጠበቃ ችሎት ሲቆም ዳኛው ገና ከአፉ ሳይሰማ አሳንሶ ይገምተዋል፤ ስለዚህ ከተቃራኒው ጠበቃ ጋር እኩል መሆን አይበቃውም፣ መብለጥ አለበት የሚል እምነት ነበረው። ጠበቃ የሕዝቡን ኑሮ የሚያንጽ የማኅበረሰብ መሐንዲስ ካልሆነ በሕዝቡ ላይ የተጣበቀ ተባይ ነው እያለ ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹ ጥብቅነቱን አይተው ባለብረት ጫማው የሚል ቅጽል አወጡለት። አንዳንዱ አልቻለውም፤ ጥሎ ሄደ። ከቆዩት አንዱ በየቀኑ ከባልቲሞር በባቡር የሚመላለስ ተርጉድ ማርሻል የሚባል ወጣት ነበር፤ በ1933 ከክፍሉ አንደኛ ወጥቶ ተመረቀ።

በ1935 ሂውስተን ኤን ኤ ኤ ሲ ፒ በሚል ምህፃር የሚታወቀው የጥቁሮች መብት ተከራካሪ ማኅበር የሙሉ ጊዜ ጠበቃ ሆነ። ስልቱ ምን ነበር? የ1896ቱን ፍርድ ፊት ለፊት አልገጠመውም። ፍርዱ እኩል ይሁን ይላል፤ እንግዲያው እኩልነቱን አሳዩን አለ። ደቡብ ካሮላይና ድረስ ፊልም ማንሻ ይዞ ሄዶ፣ የጥቁር ልጆች የሚማሩባቸውን የደሳሳ ጎጆ ትምህርት ቤቶችና ለነጭ ልጆች የተሠሩትን ያማሩ ሕንፃዎች ለማስረጃ ቀረጸ።

ክሱንም በከፍተኛ ትምህርት ጀመረ። ከማርሻል ጋር ሆኖ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ዶናልድ መሬይ የተባለውን ጥቁር ወጣት እንዲቀበል በ1935 አስፈረደ፤ ፍርዱም በ1936 በይግባኝ ጸና። ቀጥሎ ሚዙሪ መጣች። ሚዙሪ ሎይድ ጌንስን በሕግ ትምህርት ቤቷ አልቀበልም ብላ፣ ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት ሄዶ ቢማር ክፍያውን ልትችል ፈቀደች። ሂውስተን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቆሞ ተከራከረ። በዲሴምበር 1938 ፍርድ ቤቱ ለነጩ የሚሰጠው ትምህርት ለጥቁሩም እዚያው ክፍለ ግዛት ውስጥ መሰጠት አለበት ሲል ወሰነ። ጌንስ ግን በማርች 1939 ቺካጎ ከነበረበት ቤት ወጥቶ ሄደ፤ እስከ ዛሬ የደረሰበት አልታወቀም።

ሌላው ግንባር የመምህራን ደመወዝ ነበር። ኖርፎክ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ሜልቪን አልስተን የተባለ ጥቁር የሁለተኛ ደረጃ መምህር በዓመት 921 ዶላር ሲከፈለው፣ በእሱ ደረጃ ያለ ነጭ መምህር ግን ቢያንስ 1,200 ዶላር ያገኝ ነበር። ከአልስተን በፊት ክስ ያቀረበችው መምህርት አላይን ብላክ በ1939 ከሥራ ተሰናበተች። አልስተን ይህን እያየ በቦታዋ ገባ። ጉዳዩን የያዙት የሂውስተን ተማሪና ባልደረቦች ነበሩ፤ የይግባኙ ፍርድ ቤት በ1940 በቆዳ ቀለም ደመወዝ መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈረደ።

ሂውስተን ወደ ዋሽንግተን ከተመለሰ በኋላም አላረፈም። በ1944 ጥቁር የባቡር ሠራተኞችን ወክሎ፣ ማኅበር የሚወክላቸውን ሠራተኞች ሁሉ ያለ ዘር አድልዎ መወከል እንዳለበት አስፈረደ። በ1948 ደግሞ ቤት ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚከለክሉ ውሎችን ፍርድ ቤት እንዳያስፈጽማቸው ከተደረጉት ክርክሮች አንዱን መራ። በከተማው ጋርድነር ቢሾፕ የተባለ ፀጉር አስተካካይ ያደራጃቸውን ጥቁር ወላጆችም የትምህርት ቤት ክስ ያዘላቸው። ልቡ ግን ደከመ። የታመመበት አልጋ ላይ ሆኖ ጉዳዩን ለባልደረባው ለጄምስ ናብሪት አስረከበ። ኤፕሪል 22 ቀን 1950 በ54 ዓመቱ አረፈ፤ ልጁ ገና ሕፃን ነበር።

ሜይ 17 ቀን 1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቆዳ ቀለም የተለያየ ትምህርት ቤት ከቶ እኩል ሊሆን አይችልም ብሎ በአንድ ድምፅ ፈረደ። ክርክሩን የመራው ማርሻል ነበር። ናብሪት የተረከበው የዋሽንግተን ወላጆች ክስም በዚያው ዕለት ድል አገኘ። በ1967 ማርሻል የዚያው ፍርድ ቤት የመጀመሪያ ጥቁር ዳኛ ሲሆን፣ መምህሩ ከሞተ 17 ዓመት ሆኖት ነበር።

እጩ መምህራን፣ የሂውስተንን ታሪክ አንብባችሁ ስትጨርሱ አንድ ነገር ተወያዩበት። የማታውን በር መዝጋቱ ትክክል ነበር ትላላችሁ? ባይዘጋው ምናልባት ብዙ ድሃ ሠራተኛ ይማር ነበር። ባይዘጋው ምናልባት የ1954ቱን ችሎት የሚረቱ ጠበቆች ባልወጡም ነበር። ነገ ክፍል ስትገቡ በየደብተሩ ላይ ውጤት የምትጽፉት እናንተ ናችሁና፣ ይህ ጥያቄ ከእናንተ ሩቅ አይደለም።