ዶክተር ጆርጅ ኮትዚያስና የሁለት መድኃኒቶች ትብብር

በሆለታ፣ በጊንጪና በአምቦ ደጋማ ማሳዎች የሚዘራው ባቄላ ለሹሮና ለንፍሮ ብቻ የሚታወስ እህል አይደለም። የስዊስ ኬሚስት የነበሩት ማርኩስ ጉገንሃይም እ.ኤ.አ. በ1913 ሌቮዶፓ የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው ያወጡት ከዚሁ ተክል ነው። ንጥረ ነገሩ የፓርኪንሰን በሽታ መድኃኒት ይሆን ዘንድ ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ወሰደ። ለዚህም ታላቅ ድርሻ ካበረከቱት ሐኪሞች አንዱ ዶክተር ጆርጅ ኮትዚያስ ናቸው።

ኮትዚያስ እ.ኤ.አ. በ1918 በቀርጤስ ደሴት ተወለዱ። አባታቸው የአቴንስ ከንቲባ ነበሩ። ጀርመኖች ግሪክን በያዙበት በ1941 ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ በ1943ም ከሃርቫርድ በሕክምና ተመረቁ። በብሩክሄቨን የምርምር ተቋም ሲሠሩ የቺሊን የማንጋኒዝ ማዕድን ሠራተኞች የሚያጠቃውን፣ ፓርኪንሰንን የሚመስለውን ሕመም አጠኑ።

የቪየና ተመራማሪዎች በፓርኪንሰን ሕሙማን አንጎል ውስጥ ዶፓሚን እንደሚጎድል በ1960 አስታውቀው ነበር። ዶፓሚን ራሱ ከደም ወደ አንጎል አያልፍም፤ ሌቮዶፓ ግን አልፎ በዚያ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። ሆኖም ጥቂት ሲሰጥ ጥቅሙ አጭር፣ በአንድ ጊዜ ሲበዛ ደግሞ ማቅለሽለሹ ብርቱ ሆነ። ኮትዚያስ ከትንሽ ጀምረው ቀስ በቀስ መጠኑን አሳደጉ። በ1967 ባወጡት ጥናትም እንደ ግንድ ደርቀው የነበሩ ሕሙማን ሲንቀሳቀሱ ታየ። በ1969 የላስከር ሽልማትን ተቀበሉ።

ከተዋጠው ሌቮዶፓ አብዛኛው አንጎል ሳይደርስ መለወጡ ግን እንቅፋት ሆኖ ቆየ። ለዚህ መፍትሔ የሆነው ካርቢዶፓ ነው። ካርቢዶፓ ብቻውን በሽታውን አያክምም፤ ወደ አንጎልም አይገባም። ሥራው ሌቮዶፓ በመንገድ እንዳይባክን መጠበቅ ነው። በዚህ ትብብር የሌቮዶፓው መጠን በሦስት አራተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ማቅለሽለሹም ይቀልላል። ኮትዚያስና ባልደረቦቻቸው ይህንንም ጥምረት መርምረዋል። እርሳቸው በሳንባ ካንሰር በ1977፣ በ58 ዓመታቸው ዐረፉ።

በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ መድኃኒት የሚያድል ባለሙያ ከዚህ ሕይወት የሚማረው ብዙ ነው። የእጅ መንቀጥቀጥና የእርምጃ መጎተት ሁሉ የእርጅና ዕጣ ተደርጎ መታለፍ የለበትም። መድኃኒቱ በሰዓቱ ይወሰድ፤ ፕሮቲን ከበዛበት ምግብ ጋር አይጋጭ፤ በድንገትም አይቋረጥ። ለመንቀጥቀጡ ትራይሄክሲፌኒዲል ቢታከል የአረጋውያንን አእምሮ ሊያውክ ስለሚችል ጥንቃቄ ያሻል። ባቄላውም ቢሆን የያዘው የሌቮዶፓ መጠን የተወሰነ አይደለምና የክኒኑ ምትክ ሊሆን አይችልም።