ኤላይጃ ማኮይ፦ ባቡር ሳይቆም ዘይት ያጠጣ መሐንዲስ

በእኛ በላስታ ወፍጮ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ግሪስ ያጣ ኩሽኔታ እንዴት እንደሚጮህ ያውቃል። ብረት ከብረት ጋር ሲፋተግ ይግላል፣ ይበላል፣ ሲብስም ይነክሳል። ስለዚህ ባለወፍጮው ሞተሩን ያጠፋና ይቀባል፤ እህል ይዞ የመጣው ደግሞ ወረፋውን ይጠብቃል። ከ150 ዓመት በፊት የአሜሪካ ባቡሮችም ችግር ይኸው ነበር። መፍትሔ ካመጡት መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሳው ጥቁሩ መሐንዲስ ኤላይጃ ማኮይ ነው።

ማኮይ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1844 በካናዳ ኦንታሪዮ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ካልተገለጸ በቀር በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ወላጆቹ ጆርጅና ሚልድሬድ ከአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት ከባርነት አምልጠው የመጡ ናቸው። ልጁ ለማሽን ያለውን ፍቅር አይተው በ15 ዓመቱ ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ላኩት። እዚያ ሜካኒካል ምሕንድስና ተምሮ ቤተሰቡ ወደሚኖርበት ሚሺጋን ግዛት ተመለሰ።

ትምህርቱን ይዞ ሥራ ቢፈልግም ጥቁር ነውና መሐንዲስ አድርጎ የሚቀጥረው አልተገኘም። የሚሺጋን ሴንትራል የባቡር ኩባንያ የሰጠው ሥራ እሳት ላይ ከሰል መጨመርና ማሽኑን ዘይት መቀባት ነበር። ባቡሩ ትንሽ ይሄድና ይቆማል፣ ዘይት ቀቢው ወርዶ ይቀባል፣ እንደገና ይነሳል። ሌላው ሰው ይህን እንደ ልማድ ተቀብሎት ኖሯል። ማኮይ ግን ማሽኑ ራሱን እየቀባ ለምን አይሄድም ብሎ ማሰብ ጀመረ።

በ1872 የመጀመሪያውን ፓተንት አገኘ። አሠራሩ ቀላል ነው። ዘይት የያዘ ኩባያ ሲሊንደሩ ላይ ይገጠማል፣ ከሥሩ ቫልቭ አለው። የእንፋሎቱ ግፊት ትንሽ ፒስተን ሲገፋ ቫልቩ ይከፈትና ዘይቱ ወደ ውስጥ ይፈሳል። እንግዲህ ባቡሩን የሚነዳው እንፋሎት ራሱ ዘይት ቀቢ ሆነ ማለት ነው። መሣሪያው ለፋብሪካና ለመርከብ ሞተሮችም ዋለ። በኋላ እንፋሎቱ እጅግ የሚግልባቸው ባቡሮች ሲመጡ ዘይት ብቻውን አልበቃም። ማኮይም በ1915 የግራፋይት ዱቄትና ዘይት የተቀላቀለበትን ማለስለሻ ሳይደፍን የሚያሳልፍ መሣሪያ አስመዘገበ። ታጣፊ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛና የሣር ውኃ ማጠጫም ሠርቷል። በጠቅላላው 57 ያህል ፓተንት አለው።

በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ኦርጅናል ነው ለማለት ዋናው ማኮይ ይባላል። ብዙዎች አባባሉን ከእሱ ጋር ያያይዙታል፤ ይሁን እንጂ ስኮትላንድ ውስጥ ተመሳሳይ አነጋገር ከፈጠራው በፊት ስለነበር ምንጩ አከራካሪ ነው።

ፓተንት ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ ገንዘብ ማግኘት ሌላ። ማኮይ ማምረቻ ካፒታል ስላልነበረው ብዙዎቹን መብቶች ለባለሀብቶች አስተላለፈ፤ ትርፉም ወደነሱ ሄደ። በስሙ ኩባንያ ያቋቋመው በ1920 ዲትሮይት ውስጥ ነው፣ ያኔ 76 ዓመቱ ነበር። በ1922 ከባለቤቱ ከሜሪ ጋር የመኪና አደጋ ደረሰባቸው፤ እሷም በጉዳቱ ሞተች። እሱም ጤናው ተቃውሶ በ1929 በአንድ የሕሙማን መጦሪያ አረፈ። በ2012 ዲትሮይት የተከፈተው የፓተንት ቢሮ በስሙ ተሰይሟል።

ከዚህ ሕይወት ለእኛ ለዲፓርትመንቱ ተማሪዎች ሁለት ቁም ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ ተመርቀን ከሙያችን በታች የሆነ ሥራ ሊገጥመን ይችላል። ማኮይ የደረሰበት በደል ትክክል ነበር ማለት አይደለም፤ ግን ዘይት ጣሳ ይዞ ባይወርድ ኖሮ ችግሩን እንዲያ ቀርቦ ባላየው ነበር። ሁለተኛ፣ የሠሩትን ማስመዝገብ ያስፈልጋል። በአገራችንም በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ለአነስተኛ ፈጠራ ጭምር ጥበቃ ደንግጓል። ነገ ከመካከላችን አንዱ ወፍጮው ሳይጠፋ ኩሽኔታውን የሚቀባ ነገር ቢሠራ፣ ስሙም ጥቅሙም የራሱ እንዲሆን ከወዲሁ ይወቅበት።