ነፋስን በቍጥር የሰፈረው መኰንን

ነፋስ በዓይን አይታይም፤ ሥራው ግን ይታያል። አልሞ ተኳሽ በሩቅ ያለውን ዒላማ ለመምታት ሲነሣ፥ ጠመንጃው ምንም ያማረ ቢሆን፥ እጁም ምንም ቢጸና፥ ነፋሱን ካልገመተ አረሩ ወደ ጐን ይሄድበታል። ይህን የማይታይ ኃይል በሚታይ ምልክት መዝኖ በቍጥር መናገርን ለዓለም ካስተማሩት ሰዎች ዋነኛው ሰር ፍራንሲስ ቦፎርት ስለ ሆነ፥ ታሪኩን በአጭሩ መጻፍ አንባቢዎቻችንን የሚጠቅም መስሎ ታየን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቦፎርት በአየርላንድ አገር ናቫን በምትባል ከተማ በ1774 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ ቄስ ሲሆን የአየርላንድን ካርታ ሠርቶ በ1792 ያሳተመ ሊቅ ነበር። ልጁ ግን ገና በ14 ዓመቱ ወደ ባሕር ወጣ። በ1789 የተሳፈረባት የንግድ መርከብ ካርታው ባልተስተካከለ የእስያ ባሕር ላይ ተሰበረች፤ እርሱም ከሞት ተረፈ። በሚከተለው ዓመት ወደ እንግሊዝ ባሕር ኃይል ገባ፤ ከዚያም ወዲህ የየቀኑን ነፋስና የአየር ጠባይ በማስታወሻው መጻፍን ልማድ አድርጎ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ያዘው።

በ1800 ከእስፓኝ ጠረፍ አጠገብ የቆመችውን የጠላት መርከብ በጀልባ ሄዶ ሲማርክ፥ በጥይትና በጎራዴ 19 ቦታ ቈሰለ። ለሕክምና ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜም ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም፤ ከእኅቱ ባል ጋራ ሆኖ ከደብሊን እስከ ጎልዌይ ድረስ በምልክት ወሬ የሚተላለፍበትን የቴሌግራፍ መሥመር ሠራ።

በዚያ ዘመን መርከበኞች ስለ ነፋስ ሲጽፉ፥ አንዱ ብርቱ ያለውን ሌላው መጠነኛ ይለው ነበር። ቃሉ በየሰው ስለሚለያይ፥ የአንዱ መዝገብ ለሌላው መሪ ሊሆን አልቻለም። ስለዚህ ቦፎርት ከእርሱ በፊት ስሚተንና ዳልሪምፕል ያሰቡትን አሻሽሎ፥ በጥር ወር 1806 ነፋስን በቍጥር ደረጃ ከፋፈለው፤ ኋላም ከ0 እስከ 12 ሆነ። መለኪያው የሰው ስሜት ሳይሆን የመርከብ ሸራ ነበር፤ ይኸውም መርከቢቱ በዚህ ነፋስ ስንት ሸራ ልትዘረጋ ትችላለች የሚል ነው።

በ1812 የአናቶልያን ደቡብ ጠረፍ ሲለካ እንደ ገና በጥይት ቈሰለ። በ1829 የባሕር ኃይሉ የካርታ ሥራ ክፍል ሹም ሆኖ እስከ 1855 በዚሁ ሥራ ጸና። በ1831 የወጣችውና ሊቁን ዳርዊንን ያሳፈረችው ቢግል የተባለችው መርከብ በደረጃው ተጠቀመች፤ በ1838 ደግሞ የባሕር ኃይሉ መርከቦች ሁሉ በመዝገባቸው እንዲጽፉበት ታዘዘ። ቦፎርት በ1846 የአድሚራልነት ማዕርግ ካገኘ በኋላ በ1857 ዐረፈ።

ሥራው ግን ከእርሱ ጋራ አልተቀበረም። በ1906 ሲምፕሰን የሚባል የአየር ጠባይ መርማሪ የየብስን ምልክት ጨመረበት። ጢስ ቀጥ ብሎ ከወጣ ነፋስ የለም፤ ፊት ላይ ከተሰማና ቅጠል ካንሿሿ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ቅጠልና ጭራሮ ሳያቋርጥ ሲወዛወዝ፥ ቀላል ባንዲራም ሲዘረጋ ሦስተኛ ይባላል፤ ይህም በሰዓት ከ12 እስከ 19 ኪሎሜትር ነው። አቧራ ከተነሣ አራተኛ ነው።

የዛሬ አልሞ ተኳሽም የሚያነበው ይህንኑ ነው፤ ሣሩን፥ አቧራውን፥ ባንዲራውን፥ በሙቀት የሚርገበገበውንም አየር ይመለከታል። ሦስተኛ ደረጃ ነፋስ ከጐን ቢነፍስ፥ የተለመደውን የጦር ጠመንጃ አረር በ900 ሜትር ርቀት ከአንድ ሜትር በላይ ያስተዋል። ከጐን ሲመጣ ኃይሉ ሙሉ ነው፤ ከተኵሱ መሥመር 30 ዲግሪ ገለል ብሎ ሲመጣ ግማሽ ነው፤ ከፊት ወይም ከኋላ ሲመጣ ግን ወደ ጐን የሚገፋው ከቶ የለም። ርቀቱ እጥፍ ሲሆንም ስሕተቱ ከእጥፍ ይበልጣል።

እንግዲህ ቃታ ከተሳበ በኋላ አረርን የሚመልስ የለምና፥ ማመዛዘኑ አስቀድሞ መሆን አለበት። ወጣቶቻችን ከቦፎርት ሊማሩት የሚገባው ነገር፥ ያዩትን በዕለቱ መጻፍን፥ የጻፉትንም ሌላው ሰው በማያሳስት ልክ መስፈርን ነው።