ፔይሮቴዎ፦ ለዕዳው ሲል ጫማውን የሰቀለው ግብ አዳኝ

ስፖርቲንግ ሊዝበን ሲባል ለብዙው የእግር ኳስ ወዳጅ ቀድሞ የሚታወሰው ክርስቲያኖ ሮናልዶ ነው። ሮናልዶ ግን ለክለቡ ዋና ቡድን 5 ግቦችን ብቻ አስቆጥሮ ገና በለጋ ዕድሜው ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ተሻግሯል። ከእርሱ ስድስት ዐሥርት ዓመታት ቀደም ብሎ ያንኑ አረንጓዴና ነጭ መለያ የለበሰ ሌላ ሰው ነበር። ይህ ሰው በሊጉ በ197 ጨዋታዎች ተሰልፎ ከ330 በላይ ግቦችን አስቆጥሯል። በሦስት ጨዋታ አምስት ግብ እንደማለት ነው። ስሙ ፈርናንዶ ፔይሮቴዎ ይባላል። ከሀገሩ ውጭ ይህን ስም የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ የታሪኩም አስገራሚ ክፍል ከግቦቹ ይልቅ ከሜዳ የወጣበት ምክንያት ነው።

ፔይሮቴዎ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን የዘመን አቆጣጠር ማርች 10 ቀን 1918 በደቡብ አንጎላ በምትገኘው ሁምፓታ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)። አንጎላ ያን ጊዜ በፖርቱጋል ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። ሁምፓታም አየሯ ቀዝቀዝ ያለ ደጋማ ስፍራ በመሆኗ ነጭ ሰፋሪዎች የመረጧት ምድር ነበረች፤ በ1880ዎቹ ቦይሮች የሚባሉት የደቡብ አፍሪካ ገበሬዎች ሳይቀሩ ጓዛቸውን በበሬ በሚጎተት ሠረገላ ጭነው የሰፈሩባት አምባ ናት። ፔይሮቴዎም የሰፋሪ ልጅ ነው። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ አይገባም። ከአፍሪካ ተነሥተው ሊዝበን ላይ የነገሡ ተጫዋቾች ሲወሱ እንደ ዩሴቢዮና ማታቴው ያሉ የተገዢው ሕዝብ ልጆች ይታሰባሉ፤ የእርሱ መነሻ ግን ከእነርሱ የተለየ ነበር።

በ1937 የ19 ዓመት ወጣት ሳለ ባሕር ተሻግሮ ሊዝበን ገባ። የስፖርቲንግ አሠልጣኝ የነበረው ሀንጋሪያዊው ጆሴፍ ሳቦ ደንዳና ሰውነትና ፍጥነት የታደለውን ወጣት ፊት መሥመር ላይ አቆመው። የመጀመሪያ ጨዋታው ከከተማ ባላንጣው ከቤኔፊካ ጋር ነበር፤ ሁለት ግብ አስቆጠረ። በዚያው የውድድር ዓመት የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ይህንንም ክብር በጠቅላላው ስድስት ጊዜ ተቀዳጅቷል።

በ1942 ስፖርቲንግ ሌሳ የተባለውን ቡድን 14 ለ 0 ሲያሸንፍ ከግቦቹ 9ኙ የፔይሮቴዎ ነበሩ። እርግጥ ነው፣ 14 ለ 0 የሚያልቅ ጨዋታ ስለ አሸናፊው ብቻ ሳይሆን ስለ ተሸናፊውም ይናገራል። የዚያን ጊዜው ሊግ በኃያላኑና በደካሞቹ መካከል ሰፊ ልዩነት የነበረበት ነው። ስለዚህ የእርሱን ቁጥር ከዛሬዎቹ አጥቂዎች ቁጥር ጎን አስቀምጦ ማን ይበልጣል ማለት ፍርድ ያዛባል። ነገር ግን በዚያው ሊግ፣ እነዚያኑ ደካማ ቡድኖች እየገጠሙ የተጫወቱ ሌሎች አጥቂዎችም ነበሩ፤ አንዳቸውም አልደረሱበትም።

ዓለም ያላወቀው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ዘመኑን መመልከት ይበቃል። ፖርቱጋል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገለልተኛ በመሆኗ በአንቶኒዮ ሳላዛር አገዛዝ ሥር ሊጓ ሳይቋረጥ ቀጥሏል። ከድንበሯ ውጭ ግን አውሮፓ ይነድ ነበር። የ1942ም ሆነ የ1946 የዓለም ዋንጫ አልተካሄደም። የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ የተጀመረው እርሱ ጫማውን ከሰቀለ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። አንድ ዕድል ብቻ አግኝቶ ነበር፤ በሜይ 1938 ሚላን ላይ ፖርቱጋል ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከስዊዘርላንድ ጋር ተጋጥማ 2 ለ 1 ተሸነፈች። የፖርቱጋልን ብቸኛ ግብ ያስቆጠረው እርሱ ነበር። የብርታቱ ዓመታት በሙሉ በአንዲት ጠባብ ሀገር አጥር ውስጥ አለፉ።

ከጦርነቱ በኋላ በስፖርቲንግ የተሰባሰበው የፊት መሥመር በፖርቱጋል እግር ኳስ ታሪክ እጅግ ከሚወደሱት ቀዳሚው ነው። ኼሱስ ኮሬያ፣ ቫስኬስ፣ ፔይሮቴዎ፣ ትራቫሶስ እና አልባኖ አምስቱ ቫዮሊኖች ተባሉ። ስያሜውን ያወጣላቸው ጋዜጠኛውና አሠልጣኙ ታቫሬስ ዳ ሲልቫ ነው። በ1946/47 ስፖርቲንግ በ26 የሊግ ጨዋታዎች 123 ግቦችን አስቆጠረ፤ ከእነዚህ 43ቱ የፔይሮቴዎ ናቸው። ከአምስቱ መካከል ኼሱስ ኮሬያ የተለየ ሰው ነበር፤ በጫማ ጎማ እየተንሸራተቱ በሚጫወቱት ሆኪ ከፖርቱጋል ጋር የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ በኋላም ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ሲባል እግር ኳሱን ትቶ ሆኪውን የመረጠ ነው።

የፔይሮቴዎን ማንነት በአንድ ጨዋታ ግለጹ ቢባል ሰዎች የሚጠሩት በኤፕሪል 1948 ከቤኔፊካ ጋር የተደረገውን ነው። ቤኔፊካ በመጀመሪያው ግጥሚያ 3 ለ 1 አሸንፎ ነበር። በነጥብ እኩል ከሆኑ ዋንጫውን የሚወስነው የሁለቱ የእርስ በርስ ውጤት ነበርና ስፖርቲንግ በባላንጣው ሜዳ በሦስት ግብ ልዩነት ማሸነፍ ነበረበት። ቡድኑን የሚመራው ካንዲዶ ዴ ኦሊቬራ ነበር፤ በጦርነቱ ዘመን ከእንግሊዝ የስለላ ድርጅት ጋር ተባብረሃል ተብሎ በኬፕ ቨርድ ታራፋል በተባለው አስከፊ የእስረኞች ካምፕ የተጣለ፣ በወጣትነቱም የቤኔፊካ ተጫዋች የነበረ ሰው። ጨዋታው 4 ለ 1 በስፖርቲንግ አሸናፊነት ተጠናቀቀ። አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው ፔይሮቴዎ ነው። በውድድር ዘመኑ መጨረሻ ሁለቱ ክለቦች እኩል 41 ነጥብ ያዙ፤ ዋንጫው በአንዲት ግብ ብልጫ ለስፖርቲንግ ሆነ።

በቀጣዩ ዓመትም ስፖርቲንግ ሻምፒዮን ሆነ፤ ፔይሮቴዎም እንደገና ኮከብ ግብ አግቢ። አምስተኛ የሊግ ዋንጫው ነበር። ዕድሜው 31፣ ጉልበቱ ያልደከመ፣ ተከላካዮች ገና የሚፈሩት ነበር። ጫማውን የሰቀለውም ያን ጊዜ ነው።

ምክንያቱ ገንዘብ ነው። የዛሬው ዓይነት የተጫዋቾች ዝውውር ገበያ ባልነበረበት በዚያ ዘመን ከዋክብቱም ጎን ለጎን ሌላ መተዳደሪያ መያዝ ነበረባቸው። ፔይሮቴዎ የስፖርት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ከፍቶ ነበር። ሱቁ አልተሳካለትም፤ ዕዳ ውስጥ ገባ። ክለቡን በግቦቹ ያበለጸገ ሰው አበዳሪዎቹን የሚከፍልበት አጣ። ያን ጊዜ ለአንድ ታላቅ ተጫዋች ዳጎስ ያለ ገንዘብ በአንድ ጊዜ የሚያስገኝለት መንገድ የስንብት ጨዋታ ነበር፤ የመግቢያው ገቢ ለተሰናባቹ ይሰጣልና። የስንብት ጨዋታ የሚዘጋጀው ግን ለሚሰናበት ሰው ነው። በኦክቶበር 1949 ስፖርቲንግ ከአትሌቲኮ ማድሪድ ጋር ተጫወተ፤ ሕዝቡ ሊሰናበተው ወጣ፤ ከገቢውም ዕዳውን ከፈለ። ከግቦቹ ሁሉ ይልቅ ስለ ሰውየው የሚናገረው ይህ ይመስለኛል፤ ጥቂት ዓመታት ሊጫወትባቸው የሚችሉትን እግሮቹን ለቃሉ ሲል አሳረፋቸው።

ስፖርቲንግ እርሱን ባጣበት የመጀመሪያ የውድድር ዓመት ዋንጫውን ለቤኔፊካ አስረከበ። ከዚያ በኋላ ግን በቀሪዎቹ ቫዮሊኖች ዘመን ተመልሶ ከ1951 እስከ 1954 አራት ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል።

ፔይሮቴዎ ወደ እግር ኳስ የተመለሰው በ1961 የፖርቱጋል ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ሆኖ ነው። ቆይታው አጭርና መራራ ነበር። በኦክቶበር 8 ቀን ፖርቱጋል ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ትንሿን ሉክሰምበርግ ገጥማ 4 ለ 2 ተረታች፤ በዚያው ወር ዌምብሌይ ላይ በእንግሊዝ 2 ለ 0 ተሸንፋ ከውድድሩ ወጣች። ከሁለት ጨዋታ በኋላ አሠልጣኙ ተሰናበተ። ሆኖም በዚያ በሉክሰምበርጉ ውርደት መካከል የ19 ዓመቱ የቤኔፊካ ወጣት ዩሴቢዮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሀገሩን መለያ ለብሶ ግብ አስቆጥሯል። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1966ቱ የዓለም ዋንጫ 9 ግቦችን አስቆጥሮ ፖርቱጋልን ለሦስተኛ ደረጃ ያበቃውን ተጫዋች ወደ ብሔራዊ ቡድን ያስገባው፣ የዓለም ዋንጫን ሜዳ ሳይረግጥ የቀረው የስፖርቲንግ ሰው ነበር።

ፈርናንዶ ፔይሮቴዎ በ60 ዓመቱ ኖቬምበር 28 ቀን 1978 ሊዝበን ውስጥ ዐረፈ። ከ2012 ጀምሮ ስፖርቲንግ የውድድር ዘመኑ ሊከፈት ሲል በሜዳው የሚያዘጋጀው የወዳጅነት ዋንጫ የአምስቱ ቫዮሊኖች ዋንጫ ይባላል።