ሐኪም ወርቅነህና የለንደኑ የጥይት ወጥመድ

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሲነሱ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆናቸው ነው። አንድ የጥይት ጫፍ ቅርጽ ግን ስማቸውን በአውሮፓ የፖለቲካ መድረክ አስነስቶት ነበር።

የተወለዱት ጎንደር ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ገና ሕፃን ነበሩ፤ ከወላጆቻቸው ተለይተው ተገኙና አንድ ኮሎኔል ወደ ህንድ ወሰዳቸው። እሱ ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ ኮሎኔል አስተማራቸው። ዶክተር ቻርለስ ማርቲን እየተባሉ ያደጉትም ለዚህ ነው። ላሆር ሕክምና ተምረው በርማ ውስጥ ለእንግሊዝ መንግሥት ሠሩ። ኋላ አገራቸው ተመልሰው አፄ ምኒልክን አከሙ፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን መሩ፣ ጨርጨርን ገዙ። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ለንደን ተሾሙ።

ነገሩን ለመረዳት ስለ ጥይት ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። የጦር ጥይት እርሳሱ እስከ ጫፉ በጠንካራ ብረት ስለሚሸፈን ሰውነትን በስቶ ያልፋል። የአደን ጥይት ጫፉ ላይ እርሳሱ የተራቆተ ነውና ሲመታ ይከፈታል፤ ቁስሉም ይሰፋል። ጥይቱን በቱቦ ውስጥ ደርድረው ለሚይዙት የድሮ ባለ እጀታ የአሜሪካ ጠመንጃዎች ደግሞ ጫፉ ደነዝ መሆን አለበት፤ ሹል ከሆነ ከፊቱ ያለውን ጥይት መቀስቀሻ ወግቶ እዚያው ሊያፈነዳው ይችላል። ለአዳኝ ይህ ሁሉ የተለመደ ምርጫ ነው። በጦር ሜዳ ግን ሲመታ የሚከፈት ጥይት እ.ኤ.አ. በ1899 በሔግ ተወግዟል። ዱምዱም የሚለው ስሙ ካልካታ አጠገብ ካለው የእንግሊዝ የጥይት ፋብሪካ የመጣ መሆኑ በህንድ ላደጉት ሐኪም የዕጣ ፈንታ ቀልድ ይመስላል።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ኢትዮጵያውያን በዱምዱም ይተኩሳሉ ብላ ለመንግሥታት ማኅበር ከሰሰች። የገዛ ጠመንጃውን ይዞ ከዘመተው ሠራዊት መካከል የአደን ጥይት በዝናሩ የያዘ አልነበረም ማለት አይቻልም። ጣሊያን ግን ክሱን ለመርዝ ጋዟ መሸፈኛ አደረገችው። ጋዙን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት ራሷ ፈርማ አጽድቃ ነበር።

በዚህ መሐል ራሱን ኮሎኔል ሎፔዝ ብሎ የሚጠራ አጭበርባሪ ለንደን ውስጥ ለኢትዮጵያ መሣሪያ የሚገዛ መስሎ ቀረበ። ከእንግሊዝ ፋብሪካ የአደን ጥይት ናሙና አገኘ፤ የሐኪም ወርቅነህ ፊርማ ያለበትንም ደብዳቤ እጁ አስገባ። ማስረጃው ሮም ደረሰ። ወራሪ አገራቸውን እየዋጠ መሣሪያ አጥተው በር ለሚያንኳኩ አዛውንት ሻጭ ነኝ ገዢ ነኝ ያለውን ሁሉ መጠራጠር ቀላል አልነበረም። የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንተኒ ኤደን ማስረጃው የማጭበርበር ሥራ መሆኑን ለፓርላማ የገለጹት በግንቦት 1928 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ከዚያ ቀደም ብላ በሚያዝያ በጣሊያን እጅ ወድቃለች።

ሐኪሙ የከፈሉት ዋጋ በዚህ አላበቃም። እንግሊዝ አገር ተምረው ለአገራቸው ሊዋጉ የገቡት ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ፣ በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በጣሊያኖች ተገደሉ። አባት ከነፃነት በኋላ ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. አዲስ አበባ አረፉ።